ላፕቶፑ ከሶኬት ለማይነቀል ሰው፦ የባትሪ አያያዝ መመሪያ

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሠራበት የኖረ ሰው አንድ ቀን መብራት ሲሄድ ማሽኑም አብሮ ድርግም ይልበታል። ባትሪው አንድም ቀን በቅጡ ሳይሠራበት አርጅቷል። ብዙዎች ታዲያ ጥፋቱን ቻርጀሩን ባለመንቀላቸው ያሳብቡና በሚቀጥለው ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ ሲነቅሉ ሲሰኩ ይውላሉ። ይሄኛውም ባትሪውን በሌላ በኩል ይጨርሰዋል። መፍትሔው ከሁለቱም ይቀላል፦ ባትሪው እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ አንድ ጊዜ አስተካክሉ፣ ከሙቀት ጠብቁት፣ ከዚያ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይዋል።

ባትሪውን የሚያስረጀው ምንድን ነው?

ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ጠፍጣፋውና ሊትየም ፖሊመር የሚባለውም የዚያው ቤተሰብ ነው። አንዱ ሴል (ባትሪው የተገጣጠመበት ነጠላ ክፍል) ባዶ ሊሆን ሲል ወደ 3 ቮልት፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል፤ አንዳንድ አዳዲሶቹ እስከ 4.35 እና 4.4 ይሄዳሉ። ሴሉ ሞልቶ በተቀመጠ ቁጥር ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት (ሊትየሙ የሚመላለስበት ፈሳሽ) በከፍተኛው ቮልቴጅ የተነሳ ቀስ እያለ ይበላሻል። ከዚህ የሚወጣው ዝቃጭ የሴሉ ሰሌዳዎች ላይ ይጋገራል፣ ኃይል የሚያመላልሰውም ሊትየም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሙቀት ሲጨመርበት ይሄ ሁሉ ይፈጥናል።

በሰፊው የሚጠቀሱት ልኬቶች ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ። በ25 ዲግሪ ሙቀት 40 በመቶ ተሞልቶ ዓመት የተቀመጠ ሴል ወደ 96 በመቶ የሚሆን አቅሙን ይዞ ይቆያል፤ ጢም ብሎ ሞልቶ የተቀመጠው ወደ 80 ይወርዳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው 85፣ ሁለተኛው 65 ገደማ ይቀረዋል። ሁሌ የተሰካና ሁሌ የሚሞቅ ላፕቶፕ ከእነዚህ አራቱ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ራሳችሁ ፍረዱ።

ሁለተኛው የእርጅና መንገድ ሥራ ነው። ባትሪ በሞላና በጎደለ ቁጥር ከዕድሜው ይቀንሳል። ሙሉ አንድ ዙር ሲሞላ አንድ ሳይክል ይባላል፤ ሁለት ግማሽ እንጀራ አንድ እንጀራ እንደሚሆነው፣ ሁለት ጊዜ ግማሽ በግማሽ መሙላትም አንድ ሳይክል ነው። የተለመደ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሳይክል ድረስ ደህና አቅም ይዞ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች 1,000 ይባልላቸዋል። የሚሞላበት ቮልቴጅ በ0.1 ቮልት ዝቅ ባለ ቁጥር የሳይክሉ ብዛት በግምት እጥፍ ይሆናል። 80 በመቶ ላይ የመግታቱ ጥቅም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለት የቆዩ ምክሮች አሁንም ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራሉ። አንደኛው «አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 8 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» የሚለው ነው። ሌላው «ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አትሰኩት»። ሁለቱም የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ምክሮች ናቸው። ሊትየም አዮን ላይ የመጀመሪያው ምንም አይጠቅምም፣ ሁለተኛው ጭራሽ ይጎዳል።

«ሲሞላ ካልነቀልኩት ከልክ በላይ ሞልቶ ይፈነዳል» የሚለው ስጋትም አለ። ባትሪው ሲሞላ የመቆጣጠሪያው ሰርኪዩት መሙላቱን ያቆማል፣ ማሽኑም ኃይሉን በቀጥታ ከቻርጀሩ ይወስዳል። ብዙዎቹ እንዲያውም ባትሪው ወደ 95 በመቶ እስኪወርድ ድረስ መልሰው መሙላት አይጀምሩም። ችግሩ ሞልቶ መቀመጡ እንጂ መብዛቱ አይደለም።

1. በመጀመሪያ የባትሪውን ጤና እዩ

ዊንዶውስ ይህንን ሪፖርት በራሱ ያወጣል፣ ምንም ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

ስታርት ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚለውን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። እዚያ ላይ ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብላችሁ ስምንቱን ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ። አንድ ቦታ ዝለሉ። ወደ ቀኝ ያዘመመውን ስላሽ አስገቡና «ባትሪ ሪፖርት» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ መሃሉ ላይ ቦታ ሳትተዉ እንደ አንድ ቃል ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ። ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ፎልደር እዚያው ያሳያችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእናንተ ስም የተሰየመው የዩዘር ፎልደር ነው። ፋይሉን በክሮም ወይም በኤጅ ክፈቱት።

ብዙ ሰንጠረዥ ይመጣል፣ የምትፈልጉት ግን ኢንስቶልድ ባትሪስ ከሚለው ሥር ያሉትን ሦስት መስመሮች ነው። ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ሳይክል ካውንት ደግሞ የዞረው ዙር ነው፤ አንዳንድ ማሽን ይሄንን አይመዘግብምና ሰረዝ ብቻ ታያላችሁ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ለምሳሌ ሲሠራ 41,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረ ዛሬ 32,800 ካለ 80 በመቶ ጤና አለው ማለት ነው።

ከ80 በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ60 እስከ 80 ያለው ያረጀ ቢሆንም ቤት ውስጥ ላለ ሰው ያገለግላል። ከ50 በታች ከወረደ ግን በማንኛውም ሰዓት በድንገት ሊጠፋባችሁ እንደሚችል አድርጋችሁ ሥሩ። አዲስ ባትሪ 97 ወይም 103 ቢያሳይ አትደንግጡ፣ የልኬት መዋዠቅ ነው።

ማክቡክ ላይ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ የአፕል ምልክቱን ስትጫኑ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ይመጣል፤ ፓወር በሚለው ሥር ሳይክሉና ሁኔታው ተጽፏል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ይሄንን ሪፖርት ሻጩ ፊት ሆናችሁ አውጡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ባትሪው 5 ሰዓት ይይዛል» ከሚል ቃል ይልቅ ሁለቱ ቁጥሮች ይታመናሉ።

2. የመሙያ ጣሪያውን አስቀምጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይሄንን አድርጉ፦ ባትሪው መሙላት የሚያቆምበትን መቶኛ ወስኑለት። ቦታው እንደየኩባንያው ይለያያል።

ሌኖቮ፦ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለውን አፕ ክፈቱ፣ ፓወር የሚለው ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድን አብሩ። አዳዲሶቹ ላይ ከ75 እስከ 80 በመቶ ሲደርስ ያቆማል፤ የቆዩት አይዲያፓዶች 60 አካባቢ ነበር የሚያቆሙት። ቲንክፓድ ከሆነ ባትሪ ቻርጅ ትረሾልድ በሚለው ቦታ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ራሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ከ75 በታች ሲወርድ ጀምር፣ 80 ላይ አቁም በሉት።

ዴል፦ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 2ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት፣ ከዚያ ፕራይመሪ ባትሪ ቻርጅ ኮንፊገሬሽን ግቡ። ፕራይመሪሊ ኤሲ ዩዝ የሚለው ሁሌ ለሚሰካ ላፕቶፕ የተዘጋጀ ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ መወሰን ካማራችሁ ከስተም የሚለውን መርጣችሁ 75 እና 80 አስገቡ። ባዮስ ላይ የተደረገ ማስተካከያ ዊንዶውስ ቢቀየርም አይጠፋም፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኤችፒ፦ ለሥራ ተብለው የተሠሩት፣ እንደ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ ያሉት፣ በኤፍ 10 ባዮስ ተገብቶ አድቫንስድ ከሚለው ሥር ባትሪ ሄልዝ ማኔጀር አላቸው። ማክሲማይዝ ማይ ባትሪ ሄልዝ ስትሉት 80 ላይ ይገታል። ለቤት የሚሸጡት ብዙዎቹ አዳፕቲቭ ባትሪ ኦፕቲማይዘር የሚል ብቻ ነው ያላቸው፤ ቁጥር አያስመርጥም፣ ሙቀትንና ጊዜን አይቶ በራሱ ይቀንሳል። እሱም ካለመኖሩ ይሻላል።

አሱስ፦ ማይአሱስ ውስጥ ባትሪ ኬር ሞድ። የቆየው ስሪት ሦስት ምርጫ ነበረው፦ 100፣ 80 እና 60።

ኤሰር፦ ኤሰር ኬር ሴንተር፣ በአዳዲሶቹ ኤሰርሴንስ፣ 80 በመቶ ላይ የሚገታ ማብሪያ አለው።

ማክቡክ፦ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ባትሪ፣ ከባትሪ ሄልዝ አጠገብ ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ ኦፕቲማይዝድ ባትሪ ቻርጂንግን አብሩ። የእናንተን ልማድ እያጠና የሚሠራ ስለሆነ አንዳንዴ 80 ላይ ይቆማል፣ አንዳንዴ ይሞላዋል።

ዊንዶውስ በፍላሽ ተቀይሮላችሁ ከነበረ ከእነዚህ አፖች አንዱም ላይኖር ይችላል። ሌኖቮ ቫንቴጅና ማይአሱስ ከማይክሮሶፍት ስቶር ይወርዳሉ፤ የኤሰሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ ፈልጉ። አሱስ ላይ አፑ ተጭኖም «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» ካለ የጎደለው አሱስ ሲስተም ኮንትሮል ኢንተርፌስ የሚባለው ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ነው፤ ከኩባንያው ድረ ገጽ በሞዴል ቁጥራችሁ ፈልጉት። ድርጅት ሲጠቀምበት የነበረ ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ባዮሱ በፓስወርድ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ሞክሩት።

ጣሪያውን ካስቀመጣችሁ በኋላ ዊንዶውስ «ተሰክቷል፣ ቻርጅ እያደረገ አይደለም» የሚል መልእክት ያሳያል። ትክክል ነው፣ ያዘዛችሁት ይሄንኑ ነው። ይህን መልእክት አይቶ ቻርጀር የቀየረ፣ ላፕቶፑን ጥገና ቤት የወሰደ ሰው ጥቂት አይደለም። አንድ የቤተሰብ ላፕቶፕ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ጣሪያ እንደተደረገበት ለሁሉም ንገሩ።

60፣ 80 ወይስ 100? መብራት በማይጠፋበት አገር፣ ላፕቶፑም ከጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ 60 ምርጥ ነው። እኛ አገር ግን የላፕቶፕ ባትሪ የመብራት መጠባበቂያም ነው፤ ስለዚህ ሂሳቡን ሥሩት። 41 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ጽሑፍ ሲሠራበት 10 ዋት ገደማ የሚበላ ማሽን ላይ ጢም ብሎ ቢሞላ 4 ሰዓት ያህል ያቆያል። በ80 በመቶ 3 ሰዓት ከሩብ፣ በ60 በመቶ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፍጆታው 18 ዋት ቢደርስ 80 በመቶው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ነው። ሰፈራችሁ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ይቆያል? መልሱ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ 80 ይበቃችኋል። ነገ ቀኑን ሙሉ መብራት እንደሚቋረጥ ከተነገረ ደግሞ ማታ ጣሪያውን አንስታችሁ ሙሉት፤ መብራቱ ሲመለስ መልሱት። በወር ሁለት ሦስቴ 100 መሙላት ባትሪ አይገድልም።

ላፕቶፑ ጣሪያ የሌለው የቆየ ሞዴል ከሆነ ቀኑን በሶኬት ሥሩና ሥራ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀር ንቀሉት። 65 ወይም 70 አካባቢ ሲደርስ ዝጉትና ሳይሰካ ይደር። ሌሊቱንና ቅዳሜ እሑድን ሞልቶ አይቀመጥም፤ በዓመት የሚጨምረው ሳይክል መቶም አይደርስ። ባትሪውን አውጥቶ በቀጥታ በቻርጀር መሥራትም ለቆዩት ሞዴሎች ይቻላል፣ ግን መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ደግሞ ዲስኩ ሊጎዳበት ይችላል። አይመከርም።

3. ሙቀቱን ቀንሱ

አልጋ፣ ሶፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ጭን ላይ የተጣጠፈ ጋቢ፦ እነዚህ ሁሉ ከሥር ያለውን የአየር መሳቢያ ይደፍናሉ። ላፕቶፑ ከሥሩ ትንንሽ የጎማ እግሮች ያሉት አየር እንዲገባበት ነው፤ አንዱ እግር ከወደቀ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ነገር ለጥፉበት። የኋላውን በኩል በማቆሚያ ወይም በሁለት መጻሕፍት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ በእጅ ይታወቃል። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከፊት፣ መዳፍ ከሚያርፍበትና ከታችፓዱ ሥር ነው። እዚያ ጋ እጃችሁን ስታሳርፉ ለብ ካለ ችግር የለም፤ ማሳረፍ እስኪያስጠላ ከሞቀ ሥራውን ማቅለል ወይም ማራገቢያውን ማየት አለባችሁ። 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ማሽኖች ራሳቸው መሙላት ያቆማሉ።

አቧራ በስድስት ወር አንዴ ይጽዳ፣ አስፋልት ያልገባበት ሰፈር ከሆነ በሦስት ወር። ማሽኑን ዝጉ፣ ንቀሉ። በታሸገ አየር ወይም በእጅ ፓምፕ ከሙቀት መውጫው በኩል አጠር አጠር እያደረጋችሁ ንፉ። ማራገቢያው በንፋሱ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ያዙት፤ በኃይል ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል። የቤት መጥረጊያ ማሽን (ቫኪዩም) አትጠቀሙ፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ለማይሠራ ሰው አንድ ብዙ የማይታወቅ ዘዴ አለ። ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንትን ክፈቱና ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርዱት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚዘልበትን ቱርቦ ያጠፋዋል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ፍጥነቱ ብዙም አይለይም፤ ማራገቢያው ግን ጸጥ ይላል። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ምርጫው ተደብቋልና ካጣችሁት እለፉት።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን አየሩ ራሱ ያግዛል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም መተማ ላለ ሰው ግን የመሙያ ጣሪያው ከምርጫ አልፎ ግዴታ ነው፤ የቀን ሙቀቱ ብቻውን ባትሪውን ከሚመቸው በላይ ያደርሰዋል። ከረፋድ ፀሐይ መስኮት ሥር አርቁት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በበጋ መኪና ውስጥ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን አትተዉት።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር፦ ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ታፍኖም ይግላል። ቦርሳ ከመግባቱ በፊት ሻት ዳውን ወይም ሃይበርኔት (የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት) ይሁን።

4. ቻርጀሩና የቤቱ መብራት

ቻርጀሩ ላይ አውትፑት የሚለውን አንብቡ። 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ካለ አባዙት፦ 65 ዋት ነው። ላፕቶፑ 65 ዋት ፈልጎ 45 ዋት ቻርጀር ከተሰካበት ሥራ ሲከብድ የጎደለውን ከባትሪው ይቀዳል፣ ሲቀል መልሶ ይሞላል። ተሰክቶም መቶኛው እየወረደ ካያችሁ ይሄ ነው፤ ሳይታወቅ ሳይክል ይቆጥራል። ዋቱ የበለጠ ቢሆን ችግር የለም፣ ላፕቶፑ የሚያስፈልገውን ብቻ ይወስዳል። ቮልቱ ግን ተመሳሳይ መሆን አለበት። ዴል ላይ ቻርጀሩ እየሠራ ባትሪው አልሞላ ካለና ሲነሳ ስለ አዳፕተር የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ከመጣ፣ ከጫፉ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ ታጥፋ ወይም ተበላሽታ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው።

መሰኪያው ላልቶ የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ በካርቶን ደግፋችሁ አትኑሩበት። የላላ ግንኙነት ይግላል፣ ባትሪውንም በየደቂቃው ያስጀምረዋል ያስቆመዋል። ጃኩን ማስቀየር ከባትሪ ይረክሳል።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ሲመጣ ቶሎ አትሰኩ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ አደገኛው መብራቱ እንደመጣ ያለው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ጀነሬተርም ሲነሳ እንዲሁ። ለላፕቶፕ ብቻ ብሎ ስታቢላይዘር መግዛት ግን ብዙም አስፈላጊ አይደለም፦ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የመብራት ማነስ አያስቸግረውም። ድንገተኛ ግፊት የሚከላከል ደህና ዲቫይደር ይሻላል። ቻርጀሩን ራሱን ደግሞ ምንጣፍ ሥር አትቅበሩት።

5. መቶኛው ሲዋሽ

ለወራት በ75 እና 80 መካከል የቆየ ባትሪ ቆጣሪው ይስታል። 35 በመቶ እያለ ድንገት ይጠፋል፣ ወይም 7 በመቶ ላይ አንድ ሰዓት ይቆያል። በሦስት ወር አንዴ እንዲህ አስተካክሉት፦

ጣሪያውን አንስታችሁ 100 ሙሉትና ሁለት ሰዓት እንደተሰካ ይቆይ። ከዚያ ንቀሉና ቀለል ባለ ሥራ ይውረድ፤ ዊንዶውስ 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ሃይበርኔት ያደርገዋል። ከጠፋ በኋላ ደግማችሁ እያስነሳችሁ የቀረውን ልጨርሰው አትበሉ። እንደጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ይረፍ። ሳታቋርጡ 100 ሙሉት። ጣሪያውን መልሱ።

ይህ ባትሪውን አያድሰውም፣ ቆጣሪውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ከዚህ በኋላም 30 በመቶ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ከሴሎቹ አንዱ ደክሟል፣ መፍትሔው መቀየር ነው። በየሳምንቱ ማድረግም ሳይክል ማባከን ነው።

6. ለረጅም ጊዜ ስትርቁ

ለሁለት ወር ክፍለ ሀገር ወይም ውጭ አገር ስትሄዱ ከ50 እስከ 60 በመቶ አድርጋችሁ ተዉት። ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ሻት ዳውን ተጫኑ፤ እንዲህ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ በክረምት እርጥበት የሚያወጣ ግድግዳ ጋ አታስጠጉት። ከሦስት ወር በላይ ከሆነ አንድ ሰው እንዲያየውና ወደ 50 እንዲመልሰው አደራ በሉ። ባዶውን የተተወ ባትሪ በራሱ እየፈሰሰ ከ2.5 ቮልት በታች ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ሲዘቅጥ ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፣ መቆጣጠሪያውም ለደኅንነት ሲባል ዳግመኛ አያስሞላውም። «ስመለስ አልነሳ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ያበጠ ባትሪ

ታችፓዱ ወደ ላይ ተነስቶ አልጫን ካለ፣ ክዳኑ ገጥሞ አልዘጋ ካለ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንቀዋለለ ወይም የሥር ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ክፍተት ካያችሁ ባትሪው አብጧል። ውስጡ የተጠራቀመው ጋዝ ነው። ወዲያው ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማሽኑን ዝጉ፣ ዳግም አትሰኩት። ተጭኖ መመለስ፣ በመርፌ ማስተንፈስ፣ ክዳኑን በግድ መዝጋት እሳት ያስነሳል። ባለሙያ እስኪያወጣው ድረስ ከመጋረጃ፣ ከወረቀትና ከመኝታ ክፍል ርቆ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። የወጣውን ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለቀየረላችሁ ጥገና ቤት ተዉት። ጭስ ማውጣት ከጀመረ ጭሱ መርዛማ ነውና ሰው ከቤት ይውጣ፣ እሳት አደጋም ይጠራ።

ባትሪ ስትቀይሩ

በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ አትግዙ፤ አንዱ ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ላይ የተጻፈውን የፓርት ቁጥር ፎቶ አንሱና እሱን አሳዩ። ቮልቱ መግጠም አለበት፦ 7.6 ቮልት ባለ ሁለት ሴል ቦታ 11.4 ቮልት ባለ ሦስቱ አይገባም። አቅሙን በዋት ሰዓት አወዳድሩ። በሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ከተጻፈ በቮልቱ አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ፤ 11.4 ቮልት ሲባዛ 3,600 ሚሊአምፔር ሰዓት 41 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚያው መጠንና ክብደት «ከኦሪጅናሉ እጥፍ ይይዛል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ውሸት ነው። የተመረተበትን ቀንም እዩ፤ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ አዲስ ባትሪ አዲስ አይደለም።

ከውጭ በዘመድ ለምታስመጡ፦ ብቻውን ያለ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፣ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አብዛኛው የላፕቶፕ ባትሪ ከ100 በታች ነው። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ ወይም በማሸጊያው ይምጣ።

አዲሱ ሲገባ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሪፖርቱን አውጡ። ሳይክሉ ዜሮ ወይም ጥቂት ብቻ፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲው ከዲዛይኑ ብዙም ያልራቀ መሆን አለበት። ባትሪው ምንም ሳይሠራበት ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ዓይነት ሆነው፣ ከሳምንታት በኋላም ሳይነቃነቁ ከቀሩ የውስጥ ቺፑ የተጻፈለትን ብቻ እየደገመ ሊሆን ይችላልና በሰዓት ለክታችሁ አረጋግጡ። ከተስማማችሁ ቁጥሩን ከነቀኑ ፎቶ አንሱ፣ አንዴ 100 ሙሉና ጣሪያውን 80 ላይ መልሱት።